ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይኗን የጨፈነች እስስት፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ምግብ በመጨረሻ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ ሆና ያገኛትን እስስት ያሳድጋል። ባለፈው ወር ሆዷ አበጠ፣ መብላትም አቆመች። የእንስሳት ሐኪም አይቷት እንቁላሏ መውጣት አቅቶት ሆዷ ውስጥ ቀርቷል ብሎ በቀዶ ሕክምና አወጣላት። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። እስካሁን ምንም አልበላችም፤ ቀን ቀን ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ቀለሟም ጠቁሯል። ወተት በማር በጥብጬ በሲሪንጅ አጠጣታለሁ። የታኅሣሥ ብርድ እንዳይጎዳት ማታ በጋቢ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አሳድራታለሁ። ስፌቱ ላይ የአምፒሲሊን ዱቄት እነሰንሳለሁ። ለሕመሟ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ ብሰጣትስ? ስፌቱ በአሥር ቀን ይወጣል መባሉስ እውነት ነው? ጎረቤቶቼ ደግሞ ምራቋ መርዝ ነው፣ ተጠንቀቂ ይሉኛል።»

ምላሽ፦

ወተቱን፣ ጋቢውንና ዱቄቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። ፓራሲታሞሉን አይጀምሩ። ስፌቱን በአሥረኛው ቀን እንዳያስነኩ። ከገለጹልኝ ምልክቶች በመጀመሪያ የምጠረጥረው ብርድና የውሃ ጥም ነው፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። ከሁለቱ በስተጀርባ የካልሲየም እጥረት፣ ያልታከመ ሕመም ወይም የቁስል መመረዝ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህን የሚለየው ግን እንስሳዋን በእጁ ይዞ የሚያያት ሐኪም ነው።

እስስት እንደ ሌሎቹ ተሳቢ እንስሳት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም፤ ከአካባቢዋ ትወስዳለች። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ጨጓራዋ አይፈጭም፣ ቁስሏ አይገጥምም፣ ከተህዋስያን የሚከላከልላት አቅም ይዳከማል፣ የተሰጣት መድኃኒትም በሚገባ አይሠራም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷን እርስዎም ያውቁታል። ጤነኛ እስስት ሌሊቱን ቀዝቅዛ አድራ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ትነቃለች። ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋች እስስት ግን ያን ያህል መቀዝቀዝ የለባትም። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው የሰውየውን የራሱን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የራሷ ሙቀት የሌላትን እንስሳ ሲጠቀልሏት የሚያፍንላት ብርዱን ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ ሲሞቅም ጋቢው ውስጥ ያለችው እሷ ዘግይታ ትሞቃለች። ከዚያም በላይ ጨርቁ ስፌቱን ይፈትገዋል፤ ጥፍሯም ክሩ ውስጥ ይገባና ስትታገል ቁስሉን ልትጎትተው ትችላለች።

የቀለሟ መጥቆርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እስስት ቀለም የምትቀይረው የቆመችበትን ነገር ለመምሰል ነው የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያሳስታል። ዋናው ምክንያት የሰውነቷ ሁኔታ ነው፦ ሲበርዳት ብዙ ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፤ ስትፈራ፣ ስትናደድ ወይም ሲያማትም ትጠቁራለች። ስለዚህ መፍትሔውን ከዚህ ይጀምሩ፦ ሞቃት ቦታ ካገኘች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀለሟ ከፈካ ችግሩ በአብዛኛው ብርድ ነበር ማለት ነው። ሞቃት ቦታ ላይ ቆይታም ጥቁር እንደሆነች ከቀረች ሕመም ወይም መመረዝ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ካርቶኑን ትተው አየር የሚያስገባ፣ ጎኑ በወንፊት ሽቦ የተሠራ ሳጥን ያዘጋጁላት። ውስጡ የጣት ውፍረት ያላቸው እንጨቶች ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ አድርገው አግድም ያስሩ። እንጨት የሌለበት ጠፍጣፋ ወለል ላይ መተኛት ለእስስት ጭንቀት ነው፤ እግሯ የተሠራው ለመጨበጥ ነውና። እንጨቱን ከፍ ካደረጉት ደግሞ በዚህ ድካሟ ትወድቅና ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። ሙቀት ለመስጠት የድሮው ዓይነት ቢጫ የሚያበራ 40 ወይም 60 ዋት አምፖል ከሽቦው ውጭ፣ ከአንደኛው እንጨት 25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይስቀሉ። አሁን ገበያውን የሞላው ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይረባም፤ ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም። አምፖሉን ሳጥኑ ውስጥ አያስገቡት፤ ተሳቢ እንስሳት ትኩስ ነገር ሲያቃጥላቸው ቶሎ አይሸሹም። በርካሽ የሚገኝ ቴርሞሜትር እንጨቱ ላይ አስረው ሞቃቱ ቦታ 29 ወይም 30 ዲግሪ፣ ሌላው ጥግ ከ23 እስከ 26 ዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለት የሙቀት ደረጃ የሚያስፈልገው ሲሞቃት ራሷ እንድትሸሽ ነው። ማታ ከ20 ዲግሪ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። ለእንቅልፍ ጨለማ ያስፈልጋታልና አምፖሉን አጥፍተው ሙቅ ውሃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከሳጥኑ ጎን ያስደግፉ፤ ከመተኛትዎ በፊት አንዴ፣ ሌሊት ደግሞ አንዴ ይቀይሩት። መብራት ሲጠፋም መላው ይኸው ነው። ይህን መልስ ድሬዳዋ ሆኖ የሚያነብ ሰው ግን ነገሩን ይገልብጠው፤ እዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ የሚገድለው ሙቀት ነውና ጥላና የውሃ ጠብታ ይቅደም።

ክፍሉን በከሰል አያሙቁት። የከሰል ጭስ ለሰው የሚያሰጋውን ያህል ለዚህች ትንሽ ሳንባም ያሰጋል። እጣን የሚጨስበትና ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥም አያስቀምጧት፤ እንዲያገግሙ በተውናቸው እስስቶች ላይ የሳንባ ሕመም ሲደረብባቸው መመለስ በጣም ከባድ ነው።

ከሙቀት ቀጥሎ ውሃ። እስስት ከሳህን የቆመ ውሃ ብዙውን ጊዜ አትጠጣም፤ በቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ጠብታ ስታይ ነው የምትልሰው። ኬሚካል ያልተረጨበት የዘይቱን ቅርንጫፍ አጥበው ሳጥኑ ውስጥ ያቁሙና ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ይርጩት፤ ስፌቱን አያርጥቡት። ካልላሰች በዓይን ጠብታ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያንጠባጥቡላትና ይጠብቁ። ስትውጥ ካዩ ሁለተኛውን ይስጡ። 100 ግራም ለምትመዝን እስስት በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በጀርባዋ አስተኝተው ወይም አፏን ፈልቅቀው በሲሪንጅ አይግፉባት። የመተንፈሻ ቀዳዳዋ አፏ ውስጥ ከፊት ለፊት፣ ከምላሷ ጋር ተጠግቶ ስለሚገኝ የተገፋ ውሃ በቀላሉ ሳንባ ይገባል። እስካሁን ወተቱን በዚህ መንገድ ሰጥተዋት ከሆነ ስትተነፍስ አፏን ትከፍት እንደሆነ፣ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ወይም ንፍጥ ይታይ እንደሆነ ዛሬውኑ ልብ ብለው ይዩ።

ወተት የአጥቢ እንስሳት ልጆች ምግብ ነው። እስስት የወተቱን ስኳር የምትፈጭበት ነገር የላትም፤ ወተቱ አንጀቷ ውስጥ ይቦካና ያስቀምጣታል፣ ያለችውንም ውሃ ያሳጣታል። ውሃዋ መስተካከሉን ከኩሷ ያውቃሉ። የእስስት ኩስ ጥቁር ክፍልና ነጭ ክፍል አለው፤ ነጩ ክፍል ሽንቷ ነው። ነጭ ከሆነ ደህና ናት። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ከደረቀ ውሃ አንሷታል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ደግሞ እጥረቱ በቤት ጠብታ የሚመለስበትን ደረጃ አልፏል፤ ሐኪም ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ይስጣት።

ምግብ በመጨረሻ የመጣው በምክንያት ነው። የቀዘቀዘና የደረቀ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ ሳይፈጭ ይበሰብሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ሞቃ፣ ጠጥታ፣ ዓይኗን መክፈት ስትጀምር ትንሽ ለስላሳ ፌንጣ ከፊቷ ያሳዩአት። ምላሷን ካልወረወረች በመቆንጠጫ ወደ አፏ ያስጠጉ። ዓይታ ተከታትላ ምላሷ ግን ከአፏ ጫፍ የማያልፍ ከሆነ ይህን ይጻፉት፤ የካልሲየም እጥረት ጡንቻ ስለሚያደክም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይታያል። ፌንጣው ከየት እንደተያዘ ይጠንቀቁ። በአወዳይና በሐረማያ ዙሪያ ካሉ የጫት ማሳዎች፣ ከአትክልት መደብና በቅርቡ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ቤት የተያዘ ነፍሳት አይስጧት፤ መርዙ በነፍሳቱ ሆድ በኩል እሷ ጋር ይደርሳል። ኬሚካል የማይደርስበት የግጦሽ ሣር ላይ ልጅዎ ቢይዝ ይሻላል።

ክብደቷን በግራም የሚለካ ሚዛን ላይ በየሦስት ቀኑ ጠዋት ይለኩ፤ ሚዛን ከሌለዎት ወርቅ ቤት ጠይቀው ያስለኩ። ከቀዶ ሕክምናው ቀን ወዲህ ከክብደቷ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከቀነሰች፣ ወይም አምስት ቀን በትክክል ሞቃና ጠጥታም ካልበላች፣ በሲሪንጅ መመገብ ያስፈልጋታል። ይህን ሐኪሙ አንዴ በእጁ ያሳይዎት። ለመጀመሪያው ቀን የፌንጣ የውስጥ ሥጋ በውሃ ቀጥኖ 1 ሚሊ ሊትር ለ100 ግራም እስስት ይበቃል፤ ብዙ ቀን የጾመ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲሞላ ይጎዳል።

ቁስሉን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚደነግጥበትን ነገር ላስረዳ። የተሰፋው ቆዳ ጠርዝ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጦ ያዩት ይሆናል። ሐኪሙ አበላሽቶ አይደለም፤ የተሳቢ ቆዳ ጠርዙ ወደ ውስጥ መታጠፍ ስለሚወድ ሆን ተብሎ ወደ ውጭ ይሰፋል። ክሩም በአሥር ቀን አይወጣም። የአሥር ቀኑ ልማድ የመጣው ከፍየል፣ ከውሻና ከሰው ነው። የእስስት ቆዳ የሚገጥመው በሳምንታት ነው፤ ስፌቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ ከተቻለ ቆዳዋን አንዴ እስክትቀይር ይጠበቅ። በአሥረኛው ቀን የተነቀለ ስፌት ሆድ ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። የላላ የክር ጫፍ ቢያዩም አይጎትቱ።

የአምፒሲሊኑ ዱቄት ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራና ከሥሩ ያለውን ነገር ይደብቃል። አይፋቁት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ያድርጉበት፤ ሲበርድ በንጹሕ ጋዝ አርጥበው ቀስ ብለው ያለስልሱት። ከዚያ ቤታዲንን በፈላና በበረደ ውሃ የቀጠነ ሻይ መልክ እስኪይዝ አቅጥነው በቀን አንዴ በጥጥ ጫፍ ይንኩትና ይድረቅ። አልኮል፣ ኦክሲጅን ውሃ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድና ቅባት አያስጠጉ። ፋሻና ፕላስተርም አይለጥፉ፤ ፕላስተሩ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። የእስስት መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ በስፌቱ ሥር ጠንከር ያለ እብጠት ካገኙ «ፈሶ ይወጣል» ብለው አይጠብቁ፤ በክኒንም አይጠፋም፤ ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

ዝንብ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ሳጥኑን በመረብ መሸፈን ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለወባ መከላከያ የሚታደለውን አጎበር አይጠቀሙ። በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው፤ ምግቧ የሆኑትን ነፍሳት ይገድላል፣ እሷንም ይመርዛታል። ያልተነከረ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ይበቃል።

ስለ ፓራሲታሞል ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በብዛት የሚሸጠው የልጆች ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፤ ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር 24 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለልጅ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ15 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ በዚያ ልክ 100 ግራም ለምትመዝን እንስሳ 1.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንዲት ሚሊ ሊትር ብትሰጧት ከልጅ መጠን 16 እጥፍ አደረጋችሁ፤ በዚያ ላይ የእሷ ጉበት የልጅ ጉበት አይደለም። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ አይነኩ። ሕመሟን ግን ችላ አይበሉት፤ ሆዷ የተከፈተ እንስሳ ያማታል። ሐኪሙን ለተሳቢ እንስሳት የሚሰጠውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካምን፣ በክብደቷ ልክ አስልቶ እንዲሰጣት ይጠይቁት፤ ይህም ውሃዋ ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ ለኩላሊቷ ሲባል።

አንቲባዮቲክ ካስፈለጋትም ለከብትና ለፍየል የሚታዘዘው ሁሉ አይሆናትም። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ውሃ ያነሳትን እስስት ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን በጡንቻ ሲወጋ የተወጋውን ቦታ ያቆስላል። መርፌ ከተሰጣት በፊት እግሯ በኩል ይሁን፤ ከኋላ የሚመለሰው ደም በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ መነሻ። ሴት እስስት ወንድ ባታይም እንቁላል ልትሠራ ትችላለች። ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከምግቧ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ካልሲየም ሲያልቅ እንቁላሉን ወደ ውጭ የሚገፋው ጡንቻ ይደክማል። ቆፍራ የምትጥልበት እርጥብ አሸዋ ማጣትም እንቁላሉን እንድትይዘው ያደርጋታል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው እንቁላሉን አወጣ እንጂ እጥረቱን አልሞላም። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሳጥኑን ግቢ አውጥተው ግማሹን በጨርቅ አጥልለው 20 ወይም 30 ደቂቃ ፀሐይ ያሙቋት፤ ድመትና ቁራ እንዳይደርሱባት ሰው አጠገቧ ይቀመጥ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ካልሲየም ለመጠቀም የሚያስፈልጋትን ጨረር አያሳልፍም። መብላት ስትጀምር የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ እንደ በርበሬ አልመው ፌንጣው ላይ ይነስንሱ።

ሐኪሙን አንድ ወሳኝ ጥያቄ ይጠይቁ፦ እንቁላሉን ብቻ ነው ያወጡት ወይስ እንቁልጢዋንም (እንቁላል የሚሠራውን የሰውነት ክፍል)? እንቁላሉ ብቻ ከወጣ ነገሩ በወራት ውስጥ ሊደገም ይችላል፤ ካገገመች በኋላ ግማሽ ክንድ የሚጠልቅ፣ ሲጨብጡት የማይፈርስ እርጥብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ያስፈልጋታል። እንቁልጢዋ ከወጣ ያ ሥጋት የለም።

ስለ መርዙ ለጎረቤቶችዎ ይንገሯቸው፦ መርዝ ያላት እስስት የለችም፤ ምራቋም አይገድልም። ስንት እስስት በዚህ እምነት በድንጋይ ተቀጥቅጦ እንደሚሞት ለማንም አይጠፋውም፤ ልጅዎ ይህችን ለማዳን መድከሙ ደስ ያሰኘኛል። ጥንቃቄው ሌላ ነው፦ በተሳቢዎች ኩስ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ተህዋስ ሊኖር ስለሚችል እጅ በሳሙና ይታጠቡ፣ ዕቃዋን ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይጠቡ፣ ሕፃናት አይንኳት። ሌላም ልብ ይበሉ፤ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ስትድን የክልሉን የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ያማክሩ፤ ስፌቷ ሳይወጣ በራስዎ ዱር አይልቀቋት፣ ሌላም አያስይዙ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ዛሬ ማታ ሙቀቱን ያስተካክሉ፣ ነገ ውሃውን፤ ሦስት ቀን ይዩ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ካልከፈተች ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ስፌቱ ከተከፈተ፣ ከሸተተ ወይም ከረጠበ፣ ሆዷ እንደገና ካበጠ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ እግሯ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንጨት መጨበጥ ካቃታት ግን ሦስት ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ። ሁሉም እንደማይድኑ ማወቅ አለብዎት፤ ብዙ ቀን በደረቀች እስስት ላይ ኩላሊት ከተበላሸ የሚመልሰው ሕክምና የለም። ሐኪሙ እንደማትድን ከነገረዎት በመርፌ ሳትሰቃይ እንድታርፍ ይጠይቁት፤ እንድትሞት ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ስቃይ ነው።

ለምርመራ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለሐረርም ለድሬዳዋም ቅርብ ነው። ሲሄዱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ይነሱ፤ አየር ማስገቢያ በተበሳ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የምትጨብጠው እንጨት አስረው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከጎኑ ያድርጉ። የክብደቷን ማስታወሻ፣ የተሰጣትን መድኃኒት ስም ከነቀኑ፣ እንዲሁም የዚያን ቀን ኩሷን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ።